ከእናት ዓይን እስከ መጀመሪያው መድኃኒት

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ከ153 አገሮች የተባበሩ ሐኪሞች የ4,351 ልጆችን መዝገብ አሰባስበው አንድ ጥናት አሳተሙ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ልጆቹ ሁሉ የታመሙት በአንድ በሽታ ነው፤ ሬቲኖብላስቶማ በሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር። በሀብታም አገሮች በሽታው የሚታወቅበት መካከለኛ ዕድሜ 14 ወር ሆኖ ተገኘ። በድሃ አገሮች 30 ወር ተኩል ነው። ካንሰሩ ከዓይን ኳስ አልፎ የወጣባቸው ልጆች በሀብታሞቹ አገሮች ከመቶ ሁለት አይሞሉም፤ በድሆቹ ዘንድ ግማሽ ያህል ናቸው።

ምልክቱ የተሸሸገ አይደለም። ብርሃን ሲያርፍበት የዓይኑ ብሌን ነጭ ሆኖ ያበራል፤ በስልክ ፍላሽ በተነሣ ፎቶ ላይ አንዱ ዓይን ቀይ ሲወጣ ሌላው ነጭ ይወጣል፤ አንዳንዱ ልጅ ደግሞ መንሸዋረር ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ይህን መጀመሪያ የምታየው እናት ናት፤ ጡት እያጠባች ሳለ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ። እብጠቱ ዓይን ውስጥ እንዳለ የተደረሰበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ ቶሎ ከሆነ ዓይኑም ይተርፍለታል፤ ቢብስ አንድ ዓይኑን ሰጥቶ ነፍሱን ያተርፋል። በዓይን ነርቩ በኩል ወደ አንጎል ከዘለቀ በኋላ ግን ሐኪሙ ያለው አማራጭ እጅግ የጠበበ ነው። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በሀብታም አገሩና በድሃ አገሩ ልጅ መካከል ያሉት 16 ወራት የት ገቡ?

የተለመደው መልስ እናትን ይወቅሳል። አላወቀችም፣ ችላ አለች፣ ባህል ሕክምና ሄደች ይባላል። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነ ነገር አለ፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ከልዩ ልዩ በሽታዎችና አገሮች የተገኘውን ማስረጃ ጎን ለጎን ሳስቀምጠው የሚታየኝ ሌላ ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው እናት «ልጄ አንድ ነገር ሆኖብኛል» ብላ ከተናገረች በኋላ ነው።

ለዚህ አባባሌ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳምነኝ ምስክር የሚመጣው ከብሪታንያ ነው። እዚያ ሕክምና በነጻ ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የተመዘገበበት ሐኪም አለው፤ ኤምአርአይ የሚነሣበት ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም። እንዲህም ሆኖ በ2006 በአንጎሉ ውስጥ እብጠት ያለበት ልጅ ምልክት ካሳየበት ቀን አንሥቶ ሕመሙ እስኪታወቅ ድረስ የነበረው መካከለኛ ጊዜ ከ14 ሳምንት በላይ ነበር። ልጁ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ሲሄድ ይንገዳገዳል፤ ወላጆቹ ደጋግመው ወደ ሐኪም ይወስዱታል፤ ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ምልክት ለየብቻው ምክንያት ያገኝለታል። በ2011 «ሄድስማርት» የተባለ ዘመቻ ተጀመረና እነዚህን ምልክቶች በትንሽ ካርድ ላይ አትሞ ለወላጆች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለሐኪሞች አደለ። በሁለት ዓመት ውስጥ መካከለኛው ጊዜ ወደ ሰባት ሳምንት ገደማ ወረደ። አዲስ መሣሪያ አልተገዛም። የተለወጠው ሐኪሙ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ወላጁም የሚናገርበት ድፍረት ነው። ድህነትም መሃይምነትም ዋና ምክንያት ባልሆኑበት አገር ይህን ያህል ጊዜ ከጠፋ፣ የእኛን መዘግየት ሁሉ በእናቶች ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

በልጆች ካንሰር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነውና። በአዋቂዎች ካንሰር ላይ ስለ ሲጋራ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ክብደት ማውራት ይቻላል። የልጆች ካንሰር አብዛኛው እንዲህ በመከላከል የሚቀር አይደለም፤ ያለን ዋና መንገድ ቀድሞ ማወቅና በትክክል ማከም ነው። ዕድገቱም ፈጣን ነው። አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል መንጋጋቸው ያበጠ ልጆችን አይቶ በ1958 የጻፈበትና በኋላ በስሙ የተጠራው ካንሰር በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መጠኑን እጥፍ ማድረግ ይችላል። እንዲህ ያለው እብጠት የጥርስ ነው ተብሎ ጥርስ ሲነቀልለት የሰነበተ ልጅ በሳምንታት ውስጥ ሌላ ልጅ ሆኖ ይመጣል። ነገር ግን ይኸው ካንሰር በቶሎ ከተደረሰበት በመድኃኒት ብቻ ከሚድኑት አንዱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 400,000 ያህል ልጆችና ወጣቶች በካንሰር እንደሚያዙ ይገምታል። በሀብታም አገሮች ከአምስቱ ከአራት በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ከአሥሩ ሦስት አይሞሉም። በ2018 ድርጅቱ በ2030 ከመቶው ቢያንስ 60 ልጆች እንዲድኑ የሚል ግብ አስቀመጠ፤ መለኪያ እንዲሆኑም ስድስት ካንሰሮችን መረጠ። ከስድስቱ መካከል አንዲት እናት ቤቷ ሆና ምልክታቸውን የምታያቸው አሉ። ሬቲኖብላስቶማ በዓይን፣ የበርኪት ሊምፎማ በመንጋጋ፣ ሆጅኪን ሊምፎማ በአንገት ንፍፊት፣ የኩላሊት ካንሰር የሆነው የዊልምስ እብጠት ደግሞ ልጇን ስታጥብ በእጇ ይገኛል። የመጨረሻው በሀብታም አገሮች ከአሥር ልጆች ዘጠኙ የሚድኑበት ነው። ሆድ ላይ የተገኘ እብጠት ደጋግሞ መነካካትና መታሸት እንደሌለበት ግን ለእናቲቱ የሚነግራት ያስፈልጋል፤ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸት እብጠቱን ሊያፈነዳው ይችላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የዚህ ሕክምና ታሪክ አጭር ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ራሱን የቻለ የሕፃናት ካንሰር ክፍል የተደራጀው በ2013 ነው፤ ስፔሻሊስቶችንም እዚያው ማሠልጠን ተጀመረ፤ ቆይቶ ጅማ፣ ጎንደርና መቀሌ ተከተሉ። ከ2019 እስከ 2023 የሚዘልቅ የሕፃናትና የታዳጊዎች ካንሰር መቆጣጠሪያ ብሔራዊ ዕቅድም ወጣ። ከመንግሥት በፊት መንገዱን የጀመሩት ግን ወላጆች ናቸው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ስሙን ያገኘው በደም ካንሰር ከሞተ ሕፃን ነው። ተስፋ አዲስ የወላጆች የሕፃናት ካንሰር ድርጅት ደግሞ ከክፍለ ሀገር ለመጡ ልጆችና አስታማሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ማረፊያ የምርመራ ጉዳይ አይመስልም። የአልጋ ኪራይ ገንዘብ ያለቀባት እናት ውጤት ሳትሰማ ወደ አገሯ የምትመለስ ከሆነ ግን የማረፊያ ጉዳይ የምርመራም ጉዳይ ነው።

አሁን መንገዱን ከቤት እንጀምረው። ልጅ ሲታመም ቤተሰብ ስም ይሰጠዋል፤ ብርድ ነው፣ ምች ነው፣ የሰው ዓይን ነው፣ ጥርስ ሊያበቅል ነው። ጉሮሮው ከተዘጋ እንጥሉ ወርዷል ይባልና ይቆረጣል። ይህ የመጨረሻው ደም መፍሰስና ቁስለት ያመጣል፤ ጉሮሮውን ያመመውን ተሕዋስ ግን አይነካውም። ጠበልን በተመለከተ የምናገረው በአክብሮት ነው። ልጇ ታሞባት ጠበል የምትወስድ እናት የምታደርገው እምነቷ የሚያዛትን ነው፤ ከዚያ የሚያስቀር ቃልም ከእኔ አይወጣም። ችግሩ የሚመጣው ጠበልና መድኃኒት እንደማይገናኙ ሲነገራት ብቻ ነው። በ2007 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ይህ ቃል በካንሰርም፣ በሚጥል በሽታም፣ በስኳርም ለታመሙ ልጆች ወላጆች በየደብሩ ቢደገም ምን ያህል ወራት እንደሚያተርፍ አስቡት። ካህን ከሐኪም ቀድሞ የሚሰማበት አገር ውስጥ ነው ያለነው፤ ይህ ዕድል ነው።

ቀጥሎ ጤና ጣቢያ እንደርሳለን። አንድ ልጅ ይገረጣል፣ ትኩሳት ይመላለስበታል፣ ድዱ ይደማል፣ «እግሬን» እያለ ያነክሳል። ደሙ ይወሰድና «ታይፎይድና ታይፈስ» ይባላል። በአገራችን ከመጠን በላይ የተለመደው ይህ ምርመራ በሌላ ምክንያትም በቀላሉ «አለበት» የሚል ነው። መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ይተወዋል፤ ይመለሳል። በሁለተኛው ጊዜ ሌላ አንቲባዮቲክ፣ በሦስተኛው የደም ማነስ መድኃኒት ይታዘዛል። የደም ካንሰር ሊሆን እንደሚችል የሚያሳስብ ምልክት ግን ሙሉ የደም ቆጠራ በማድረግና ደሙን በማይክሮስኮፕ በማየት ብቻ ሊታይ ይችል ነበር። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ምክንያቱ ሳይታወቅ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን መስጠት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የደም ካንሰርንና ሊምፎማን ለጊዜው ያደበዝዛሉ፤ ልጁ የተሻለው ይመስላል፤ ናሙና ሲወሰድለት ምርመራው ይሳሳታል። ቤተሰቡ ዳነልን ብሎ ደስ ባለው ሳምንት በሽታው ይደበቃል።

ይህን የምለው የጤና ጣቢያ ሠራተኛውን ለመክሰስ አይደለም። በቀን በርካታ ትኩሳት የሚያይ ነርስ በሙያ ዘመኑ የደም ካንሰር ያለበት ልጅ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይገጥመው ይሆናል። ከእሱ የሚጠበቀው በሽታውን በስሙ መጥራት አይደለም፤ «ይህ ልጅ በተለመደው ሕክምና መሻል ነበረበት፤ አልተሻለውም» ማለት መቻል ነው። አንዲት እናት በተመሳሳይ ችግር ሦስተኛ ጊዜ ከመጣች መምጣቷ ራሱ ምልክት ነው።

ከካንሰር ውጭ ያለውን ስናይ ከሁሉ የሚያስቆጨው የልጆች ስኳር ነው። ኢንሱሊን በ1922 በቶሮንቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር። መቶ ዓመት አለፈ። ዛሬም ልጆች ስኳር እንዳለባቸው ሳይታወቅ ይሞታሉ። ምልክቶቹ ማንም የሚረዳቸው ናቸው፤ ውሃ አለመጥገብ፣ ሽንት መመላለስ፣ እየበሉ መክሳት። ቀኑ ሲረዝም ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና ጥልቅ ፈጣን አተነፋፈስ ይመጣሉ። በዚያን ጊዜ የሚታየው ማስመለሱ ብቻ ከሆነ ጨጓራ፣ ትኩሳት ከተጨመረበት ወባ፣ አተነፋፈሱ ከታየ ሳንባ ምች ይባላል። ደሙ በአሲድ የተመረዘ ልጅ በግሉኮስ ከረጢት ሲታከም ምን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

የጣሊያኗ ፓርማ ከተማና አካባቢዋ ያደረጉትን እነሆ። በ1980ዎቹ መጨረሻ እዚያ በስኳር ከሚያዙ ልጆች 78 በመቶው ሕመማቸው የሚታወቀው በዚህ አደገኛ ደረጃ ላይ ደርሰው ነበር። ከ1991 ጀምሮ በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ሐኪሞች ክፍል አንድ ፖስተር ተለጠፈ። ያተኮረው በአንድ ምልክት ላይ ነው፤ ደርቆ ማደር የለመደ ልጅ እንደገና አልጋ ማርጠብ ሲጀምር። ሐኪሞቹም ስኳር የሚለኩበት መሣሪያ ተሰጣቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ወደ 12.5 በመቶ ወረደ። ይህን ቁጥር በማንበብ ብቻ ማለፍ አይቻልም። ያወረደው ፖስተር፣ አስተማሪና ጣት ወግቶ አንድ ጠብታ ደም መለካት ነው።

እዚህ አገርም መሠረቱ አለ። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ስኳርንና የሚጥል በሽታን በገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶች እንዲከታተሉ የተደረገበት ልምድ ብዙ ዓመት አስቆጥሯል፤ ኢንሱሊን የሚወስድ የገጠር ልጅ መኖር እንደሚችልም አሳይቷል። የጎደለው ከዚያ በፊት ያለው ደረጃ ነው። የሚያስመልሰው፣ የከሳ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ሁሉ ስኳሩ ሳይለካ ግሉኮስ እንዳይሰቀልለት የሚያዝ አንድ መስመር መመሪያ በየድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍና ቢከበር ብዙ ነፍስ ያተርፋል ብዬ አምናለሁ። የመለኪያ ስትሪፕ ሳይቋረጥ መቅረብ እንዳለበት ሳይረሳ።

የልብ ጉዳይ ሌላ ትምህርት አለው፤ በሽታው ከመገለጹ ከዓመታት በፊት ይጀምራልና። ልጅ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ጉሮሮውን ይታመማል፤ ጉሮሮው ይድናል፤ ከሳምንታት በኋላ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር ቁርጥማት ይመጣል። ቤተሰብ «እያደገ ነው» ይላል። ሕመሙ ራሱን ይደጋግምና የልብ በሮችን ያኮማትራል። ከዓመታት በኋላ ልጅቷ ዳገት መውጣት ሲያቅታት፣ ወይም አግብታ ስታረግዝ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ጉዳዩ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። በ1989 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከል መሥራች ዶክተር በላይ አበጋዝ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእነዚህ ልጆች ነው። በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የልብ ማዕከሉ ሥራ ጀመረ። ሆኖም ቀዶ ሕክምናውን የሚጠብቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። እንዲህ ባለ ወረፋ ውስጥ ዘግይቶ መመርመር ማለት ወረፋ መያዝ ማለት ነው።

በሰሜን ኡጋንዳ የተደረገው ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ ከ100,000 በላይ ልጆችን በአልትራሳውንድ ልባቸውን አዩ፤ ምንም የማይሰማቸው ነገር ግን የልባቸው በር መነካት የጀመረ 818 ልጆች ለጥናቱ ተመደቡ። ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመሙ የከፋባቸው ካልተወጉት 8.2 በመቶ፣ ከተወጉት 0.8 በመቶ ብቻ ሆኑ። መድኃኒቱ ከጥንታዊዎቹ ፔኒሲሊኖች አንዱ ነው፤ በየወረዳው ይታወቃል፤ ዋጋው ከልብ ቀዶ ሕክምና ጋር የሚነጻጸር አይደለም። እርግጥ መርፌው ያማል፤ በየወሩ ልጅን ይዞ መምጣትም ይሰለቻል። ስለዚህ ሥራው ማሽን በማስገባት አያልቅም፤ የሚከታተል፣ የሚመዘግብ፣ ሲቀር ደውሎ የሚጠራ ሰው ይፈልጋል። እስከዚያው ግን ጉሮሮ የታመመ ልጅ ወደ እንጥል ቆራጭ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ የመንገዱ የመጀመሪያ በር ይዘጋል።

የሳንባ ነቀርሳና ኤችአይቪ ላይ በአጭሩ ልለፍ፤ በእነዚህ የሚሠራው ከሌሎቹ ይልቅ ግልጽ ሆኗል። ቲቢ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልጆችን ያጠቃል፤ ግማሽ ያህሉ ሳይመዘገቡ ያልፋሉ፤ በቲቢ ከሚሞቱት ልጆች ከመቶ 96 ያህሉ ሕክምና ያልጀመሩ ናቸው ተብሎ ተገምቷል። ሕፃን አክታ አውጥቶ መስጠት አይችልም፤ የሚያወጣውን ይውጠዋል። ታዲያ ተሕዋሱ በሰገራው ይገኛል። ሰገራን በጂን ኤክስፐርት መሣሪያ መመርመርን ቀድመው ወደ ሥራ ካስገቡት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ይህ ሊነገርልን የሚገባ ነው። ኤችአይቪ ከእናቱ የተላለፈበት ሕፃን ሳይታከም ከቀረ ከሁለት አንዱ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። በ2008 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት መድኃኒቱን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጀመር የሕፃናቱን ሞት በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ተረከዙ ተወግቶ በወረቀት ላይ የሚደርቀው ጠብታ ደም ውጤት በቶሎ ከተመለሰ ማለት ነው። ወረቀቱ ላብራቶሪ ተቀምጦ፣ ውጤቱም ሳይደርስ ከቀረ ምርመራው እንደ ተደረገ አይቆጠርም።

ስለ ተረከዝ ካነሣን፣ በቨርጂኒያ ወይም በቴል አቪቭ የምትወልድ ኢትዮጵያዊት እናት ልጇ ከሆስፒታል ሳይወጣ ተረከዙ ይወጋል። ማንም ጠይቆ ሳይሆን ለሁሉም የሚደረግ ስለሆነ ነው። ከሚፈለጉት ሕመሞች አንዱ አብሮ የሚወለድ የታይሮይድ ዕጢ ድክመት ነው። ከሁለት እስከ አራት ሺህ ልጆች አንዱ ላይ ይገኛል። ሲወለድ ምንም አይታይበትም፤ እንዲያውም የማያስቸግር፣ ብዙ የሚተኛ ልጅ ነው ተብሎ ይመሰገናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ርካሽ የሆነውን እንክብል ከጀመረ እንደ እኩዮቹ ያድጋል፤ ወራት ካለፉት አእምሮው የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። እኅቷ ደሴ ወይም ሆሳዕና ብትወልድ ይህ ምርመራ ለልጇ የመደረጉ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። በዚህ ሕመም ረገድ እናትን የሚወቅስ ሰው ምን ይላል? ምንም የምታየው ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ቀድሞ መመርመርን ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዳላወድስ የሚያስገድደኝ ታሪክ አለ። ጃፓን በ1980ዎቹ አጋማሽ ስድስት ወር የሞላቸውን ሕፃናት ሁሉ በሽንት በመመርመር ኒውሮብላስቶማ የተባለውን ካንሰር መፈለግ ጀመረች። ብዙ ተገኘ፤ ብዙ ልጆች ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ ተደረገላቸው። በ2002 ከካናዳና ከጀርመን የወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ምርመራው በበሽታው የሚሞቱትን እንዳልቀነሰ አሳዩ። ከተገኙት እብጠቶች ብዙዎቹ ቢተዉ በራሳቸው የሚጠፉ ነበሩ፤ ገዳዮቹ ደግሞ በኋላ የሚመጡ ነበሩ። ጃፓን በ2004 አቆመች። ስለዚህ «ሁሉንም ልጅ ለሁሉም እንመርምር» የሚል ሐሳብ ሲቀርብ መጠየቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው፤ ቀድሞ መገኘቱ የበሽታውን መንገድ ይለውጠዋል ወይ፣ መድኃኒቱ አለ ወይ፣ የተገኘበትን ልጅ ማን ይከታተለዋል? ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ቲቢ፣ ሬቲኖብላስቶማና የልብ በር ሕመም የመጀመሪያውን ጥያቄ ያልፋሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የመንግሥት ሥራ ናቸው። ለወላጅ የበሽታ ስም ነግሮ መድኃኒት የለም ብሎ መመለስ ጭካኔ ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? ከ2003 ጀምሮ የተሰማሩት ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን አደገኛ ምልክቶች ያውቃሉ፤ መጥባት ወይም መጠጣት አለመቻል፣ ሁሉን ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት። ትንፋሽ ይቆጥራሉ፤ ከሁለት ወር በታች በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ እስከ አንድ ዓመት 50፣ እስከ አምስት ዓመት 40። ይህ ሥልጠና ሳንባ ምችንና ወባን በሜዳ ላይ ለመያዝ አስችሏል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ነጭ ብሌን፣ የሆድ እብጠት፣ የማይጠፋ ንፍፊት፣ ሳይጎዳ የሚበልዝ ገላ፣ ውሃ አለመጥገብ።

ሆንዱራስ ይህን አድርጋ አሳይታለች። በ2003 የሬቲኖብላስቶማን ምልክት በብሔራዊ የክትባት ዘመቻዋ ውስጥ አስገብታ አስተዋወቀች፤ ካንሰሩ ከዓይን ወጥቶ የሚመጡት ልጆች ከ73 በመቶ ወደ 35 ወረዱ። እኛም ዘንድ ልጅ በዘጠኝ ወሩና በ15 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ይመጣል። የጥናቱን 30 ወር ተኩል ከዘጠኝ ወር ጋር አስተያዩት። ልጁ በጤና ሠራተኛ እጅ ላይ ነው፤ እናቱ አጠገቡ ናት፤ ክንዱ ከመወጋቱ በፊት ወይም በኋላ ዓይኑን አንድ ጊዜ በብርሃን ማየትና «ከዚህ በፊት ዓይኑ ነጭ ሆኖ ታይቶሽ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይወስድም። ይህ ጥያቄ ከክትባት ካርዱ ጋር ቢታተም ደግሞ ሠራተኛዋ ቢደክማትም አይረሳም።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ የገንዘብና የወረቀት ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያለው ቤተሰብ ሕክምናውን ያገኛል፤ የመጓጓዣውን፣ የአስታማሚውን ምግብና በቤት የቀሩትን ልጆች ጉዳይ ግን መድኑ አይሸከምም። ናሙና ከተወሰደ በኋላ የፓቶሎጂ ውጤት የሚጠበቅባቸው ቀናት ቤተሰብ ተስፋ ቆርጦ የሚመለስባቸው ቀናት ናቸው። ለልጆች ናሙና ቅድሚያ መስጠት፣ ውጤቱንም ለላኪው ሐኪም በስልክ መንገር ልማድ ሊሆን ይገባል። «ኑ» ተብለው የቀሩትን በማግስቱ የሚደውልላቸው ሰው በየካንሰር ክፍሉ ቢመደብ ደሞዙ ከሚያድነው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ሲጻፍ እምብዛም አይነሣም። ልጁን ሪፈር የጻፈችው የጤና ጣቢያ ነርስ ልጁ ምን እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ አትሰማም። በሪፈር ወረቀቱ ላይ መልስ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ባዶውን ይቀራል። ትክክል ነበረች? ዘግይታ ነበር? ምን ማየት ነበረባት? ካልተነገራት የሚቀጥለውን ልጅ የምታየው በትናንቱ ዓይን ነው። ተቀባዩ ሆስፒታል በወር አንድ ቀን ለላኪዎቹ እየደወለ «የላክሽው ልጅ የደም ካንሰር ተገኘበት፤ ሕክምና ጀምሯል፤ ከመላክሽ በፊት ግን ሦስት ጊዜ የታይፎይድ መድኃኒት ወስዶ ነበር» ቢላት፣ የሚቀጥለውን ገርጥቶ የሚያነክስ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የደም ቆጠራ ታዝለታለች።